ልጆቹ ከሐውልቱ ሰልፊ ብቻ ይዘው ተመለሱብኝ ላለው መምህር

ጥያቄው ሲያጥር ይሄ ነው። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የ6ኛ ክፍል መምህር ነኝ፣ የቅርስና ቱሪዝም ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። አምና የካቲት 12 ሰሞን 94 ልጆች ይዘን በአንድ ቀን ስድስት ኪሎን፣ አራት ኪሎን፣ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ ምኒልክ አደባባይንና አቡነ ጴጥሮስን ዞርን፣ ጋይድም ነበረን። በነጋታው ሪፖርት ጻፉ ስላቸው ግማሾቹ ከኢንተርኔት አንድ አይነት ጽሑፍ ገልብጠው መጡ፣ የቀሩት ሰልፊያቸውን አሳዩኝ። አንዷ ልጅማ የስድስት ኪሎው ሐውልት የምኒልክ ነው ብላ ጻፈች። ዘንድሮ ወላጆች ብር አናዋጣም ብለዋል፣ አክሱምና ላሊበላ መውሰድ አንችልም፣ የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልክ እንጂ ታሪክ አይወዱም። የተሻለ ጋይድ ልፈልግ ወይስ ጉዞውን ትቼ ቪዲዮ ላሳያቸው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ «የዛሬ ልጆች ታሪክ አይወዱም» የሚለውን እንጣለው፣ እሱ ጭንቅላትህ ውስጥ እስካለ ድረስ የምትሞክረው ሁሉ ልጆቹን ለመገሰጽ የሚደረግ ነገር ነው የሚሆንብህ። ሙዚየም ውስጥ የተማሪ ጉብኝት ሳስተናግድ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ልጆች ሳይጠየቁ የሚጠይቁኝን ነገር አስታውሳለሁ። «ይሄ እውነተኛው ነው ወይስ የተሰራ?» «ማን ነው የወሰደው?» «ሲያመጡት እንዴት አልተሰበረም?» «ይሄን የሰራው ሰውዬ ስሙ ለምን አልተጻፈም?» እነዚህ እኮ ታሪክ ተመራማሪ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ድንቅነሽ ጋ ደርሰው «እውነተኛ ናት?» ሲሉ ብዙ መምህር «ዝም ብለህ ተመልከት» ይላል። መልሱ ግን አለ፣ ለእይታ የቀረበው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ ስለሆነ በጥንቃቄ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ይሄን ስትነግራቸው መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፣ ቀጥሎ ግን «ታዲያ ቅጂውን እንዴት ሰሩት» ይመጣል፣ እዛ ጋ ትምህርቱ ጀመረ ማለት ነው። ፍላጎቱ አለ፣ የሚጠፋው ፀሐይ ላይ ቆሞ የሰው ንግግር ሲያዳምጥ ነው።

አምና የሆነውን ቁጭ ብለህ አስላው። አምስት ቦታ፣ 94 ልጅ፣ አንድ ቀን። መሳፈር አለ፣ መውረድ አለ፣ መቁጠር አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ የጠፋ ልጅ ፍለጋ አለ። ለአንድ ቦታ ሃያ ደቂቃ ከተረፈህ ትልቅ ነገር ነው፣ በዛችው ሃያ ደቂቃ ደግሞ ጋይዱ የሚናገረው የሚሰማው ለፊተኞቹ ሁለት ረድፍ ነው። ከኋላ ያለው ልጅ ምን ያድርግ? ስልኩን ያወጣል። ሰልፊው ልጁ ቦታው ላይ መድረሱን የሚያሳይበት ብቸኛ መንገድ ሆኖበት ነው፣ ሌላ ስራ አልሰጠነውም። የምኒልክ ነው ያለችው ልጅም ሞኝ ሆና አይደለም። በአንድ ቀን ብዙ ስም፣ ብዙ ዓመተ ምሕረት፣ ብዙ ድንጋይ ተጭኖባት ተደባለቀባት። አንተም እኔም በሰው ሀገር በአንድ ቀን አምስት ሐውልት ብንዞር እንዲሁ ነው የምንደባልቀው።

ስለ ጋይዱ፣ የተሻለ ጋይድ አትፈልግ። ጋይድ ጎበዝ ቢሆንም የሰለጠነው ራሱ ፈልጎ ለመጣ ትልቅ ሰው ነው፣ ስራውም መልስ መስጠት ነው። ልጅ ጥያቄ ሳይኖረው መልስ ሲሰጠው በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የሚያስፈልግህ ከመሄዳችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ክፍል ውስጥ የሚፈጠር ጥያቄ ነው፣ እሱን ደግሞ ካንተ የተሻለ የሚፈጥርላቸው የለም።

እንግዲህ ያንኑ ስድስት ኪሎን ወስጄ እኔ ብሆን እንዴት እንደማደርገው ልንገርህ፣ ሌሎቹን አራቱን ሙሉ በሙሉ ትቼ። ስድስት ኪሎን የምመርጠው ሁለት ነገሮች በእግር ተቀራርበው ስላሉ ነው። አንዱ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት። ሌላው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበው እዛ ቤተ መንግሥት ነው፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዛው ነው፣ ከዛ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማው ላይ የወረደው ጭፍጨፋም የጀመረው ከዛው ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ሐውልቱን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ ሳያይ ተመልሶ ይሄዳል። ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል።

ከጉዞው በፊት ክፍል ውስጥ አንድ የሐውልቱን ፎቶ ለጥፈህ ስሙን ሳትነግራቸው «ይሄ ለማን የተሰራ ይመስላችኋል፣ ምን አይታችሁ ነው እንደዛ ያላችሁ?» በላቸው። የፈለጉትን ይበሉ፣ አታርማቸው፣ ጻፍላቸው በቃ። አንዱ የንጉሥ ነው ይላል፣ አንዷ የቤተክርስቲያን ነው ትላለች። ከዛ እያንዳንዱ ልጅ እዛ ሄዶ የሚያጣራው አንድ ጥያቄ ይያዝ፣ አንድ ብቻ። ወረቀት ላይ ሀያ ጥያቄ ደርድረህ ባዶ ቦታ ሙሉ ካልካቸው ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ ሐውልቱን ቀና ብለው አያዩትም።

ቦታው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃ ማንም አይናገር፣ አንተም ጭምር። ይዙሩት፣ ይዩት። ሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹት ምስሎች የሚናገሩት ብዙ ነገር አላቸው፣ ልጆቹ ስንት ሰው እንዳለ ይቁጠሩ፣ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ይዩ፣ አንድ ሰው መርጠው በእርሳስ ይሳሉት። ስዕል ስልህ ለውበቱ አይደለም፣ አስቀያሚ ይሁን ግድ የለም፣ የሚስል ልጅ ግን ቢያንስ አምስት ደቂቃ አንድ ፊት ላይ ዓይኑን ይተክላል፣ በፎቶ ግን ግማሽ ሰከንድ ነው። ከዛ በኋላ ነው ታሪኩን አጠር አድርገህ የምትነግራቸው፣ በአስር ደቂቃ። ሐውልቱን የሰሩት ቀራጮች ከዩጎዝላቪያ የመጡ መሆናቸውንም ንገራቸውና ለምን ይሆን በላቸው፣ ያቺ ሀገርም በዛው ጦርነት በጣልያንና በጀርመን ፋሺስቶች ተወርራ የነበረች መሆኗን ስትጨምርላቸው ራሳቸው ያገናኙታል።

ቀጥሎ ወደ ግቢው ግቡ። ሙዚየሙ ፊት ለፊት ጣልያኖች የተከሉት አየር ላይ የቆመ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፣ የትም አያደርስም። እያንዳንዱ ደረጃ ፋሺስቶቹ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ የገዙበትን አንድ አንድ ዓመት እንዲወክል ነው የሰሩት። እነሱ ከተባረሩ በኋላ ኢትዮጵያውያን ደረጃውን አላፈረሱትም፣ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። እዚ ጋ ልጆቹን ምንም ሳትነግራቸው ደረጃውን አስቆጥራቸው፣ ቁጥሩን 1922 ላይ አስደምራቸው፣ የት ዓመት ላይ እንደሚያደርሳቸው ያዩታል። ከዛ ጠይቃቸው፣ እናንተ ብትሆኑ ታፈርሱት ነበር ወይስ እንደነሱ ታደርጉ ነበር? ይሄ ጥያቄ ተነስቶ ዝም ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም። ዓመተ ምሕረቱን ግን ቀድመህ አዘጋጅተህ ሂድ፣ ኢንተርኔቱ 1937 ይላቸዋል፣ መጽሐፋቸው 1929 ይላል፣ ልጆቹ አንዱ ውሸት ነው ብለው ነው የሚያስቡት። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለውን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት እዛው ደረጃው ስር አስረዳቸው፣ ከሰሌዳ በተሻለ ይገባቸዋል።

ስለ ሟቾቹ ቁጥር መጠየቃቸው አይቀርም። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው፣ ጣልያኖቹ በጊዜው ያመኑት በጣም ያነሰ ነው፣ በኋላ ያጠኑ ሰዎች ደግሞ ከሁለቱ መሀል የሚወድቅ ግምት አቅርበዋል። መምህራን ይሄን መናገር ይፈራሉ፣ ልጆቹ ይጠራጠራሉ ብለው። ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ገዳይ ለምን ቁጥር እንደሚያሳንስ፣ በየቤቱ የተቃጠለ ሰው መቁጠር ለምን እንደሚከብድ ስታወሩ የ12 ዓመት ልጅ ጉዳዩን የበለጠ ነው የሚያከብረው። እንደዚሁ የዘርአይ ደረስ ታሪክ አለልህ። ላጋር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ጊዜ ተዘርፎ ሮም ተወስዶ ነበር፣ ዘርአይ እዛ ሐውልቱ ጋ ነው በ1930 ዓ.ም. ጣልያኖች ላይ ጎራዴውን የመዘዘው። ከልጅነታችን የሰማነው ትረካና የጊዜው ሰነዶች የሚሉት በተለይ በሞቱትና በቆሰሉት ሰዎች ላይ አይገጥምም። ለከፍ ላሉት ተማሪዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥላቸው፣ ጀግንነቱ አይቀንስም፣ ትረካ እንዴት እንደሚያድግ ግን ይማራሉ።

አክሱምና ላሊበላ መውሰድ አልቻልንም ለሚለው ሐዘንህ። ቅርስ ሩቅ ያለ ትልቅ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው ያሳዘነህ፣ እሱ በራሱ መታረም አለበት፣ ግን መጀመሪያ አክሱምን ክፍልህ ድረስ የምታመጣበትን መንገድ ልንገርህ። ገመድ ግዛ። ሜዳው ላይ 33 ሜትር ለኩና ዘርጉት፣ እሱ ወድቆ ተሰባብሮ ያለው ትልቁ የአክሱም ሐውልት ርዝመት ነው። 24 ሜትር ላይ ቋጠሮ አስሩ፣ እሱ ከሮም የተመለሰው ነው። 21 ሜትር ላይ ሌላ ቋጠሮ፣ እሱ ሳይወድቅ እስካሁን የቆመው ነው። ልጆቹ ገመዱ ላይ ጫፍ ለጫፍ ይተኙበት፣ አንድ ሐውልት ስንት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እንደሚሆን ይቁጠሩ። ከዛ ጥያቄው ራሱ ይመጣል፣ ማሽን ሳይኖር ይሄን ያህል ድንጋይ እንዴት አቆሙት? የተመለሰው 160 ቶን ገደማ ነው፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በ1997 ዓ.ም. በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን ነው የመጣው፣ በ2000 ዓ.ም. ነው ድጋሚ የቆመው። ጣልያን ልትመልስ የተስማማችው ግን እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ነበር። ልጆቹ ዓመቶቹን ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይረው፣ ቀንሰው የስንት ዓመት መዘግየት እንደሆነ ያግኙት፣ ለምን ዘገየ ብለው ደብዳቤ ይጻፉ። ወጪው ገመድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሰፈሩ። ልጆችህ በየቀኑ የሚያልፉት ነገር ላይ ጥያቄ ማንሳት ካልለመዱ ትልቁ ሐውልት ጋ ወስደህ ብታቆማቸውም ድንጋይ ነው የሚያዩት። ከስም ጀምር። ትምህርት ቤታችሁ ለምን ያ ስም ወጣለት? የሚኖሩበት ሰፈርስ? ካዛንቺስ ለምሳሌ ጣልያኖች ለመንግሥት ሰራተኞቻቸው ቤት የሚያሰራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበራቸው፣ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፣ እሱ ነው በአፋችን ካዛንቺስ የሆነው። መርካቶም የጣልያንኛ ቃል ነው፣ ገበያ ማለት፣ የከተማው ትልቁ ገበያ ከዛ በፊት አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ነበር። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ አፍንጮ በር፣ ጣልያን ሰፈር፣ እያንዳንዱ ስም ከኋላው ሰው አለ፣ ግጭት አለ፣ ስራ አለ። አንዳንዱ ስም ሁለት ሦስት አይነት አመጣጥ ይነገርለታል፣ ልጆቹ ሁሉንም ይሰብስቡ፣ የትኛው ትክክል ነው ብለህ ለመፍረድ አትቸኩል።

በነገራችን ላይ ክፍልህ ውስጥ ሰፈራቸው ፈርሶ ሌላ ቦታ የገቡ ልጆች እንደሚኖሩ እገምታለሁ፣ ፒያሳም ካዛንቺስም ብዙ ቤተሰብ ተነስቷል። እነዚህን ልጆች በጥንቃቄ ያዛቸው፣ ግን አትለፋቸው። የድሮ ሰፈራቸውን ካርታ ከትዝታቸው ይሳሉ፣ ሱቁ የት ነበር፣ ቧንቧው የት ነበር፣ ኳስ የሚጫወቱበት የት ነበር። አንድ ጊዜ እንደዚህ አይነት ካርታ የሳለ ልጅ ወረቀቱን ወደ ቤት ወስዶ አያቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያርሙለት ከረሙ። ቅርስ ሲጠፋ ምን እንደሚጠፋ ከነዚህ ልጆች የተሻለ የሚያስረዳ አላየሁም። ልጁ ማውራት ካልፈለገ ግን አታስገድደው፣ ለአንዳንዱ ገና ቁስል ነው።

ሽማግሌና አሮጊት ማናገርን በተመለከተ፣ ልጆቹን «ስለ ድሮ ይንገሩን በሉ» ብለህ ከላክሃቸው የሚያመጡት «ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር» የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። ልጅ እያሉ ውሃ ከየት ነበር የሚቀዱት? ትምህርት ቤት ሲሄዱ በየት በኩል ነበር የሚያልፉት? ይሄ ዛፍ ያኔ ነበር? ከዛ ሌላው ራሱ ይመጣል። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ አንዱ ይጠይቅ አንዱ ይጻፍ፣ በስልክ ድምጽ የሚቀዱ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቁ። ስልኩን ጠላት ካደረግከው ተሸነፍክ፣ ስራ ስጠው፣ ድምጽ መቅጃ ይሁን።

አዲስ አበባ ያልሆናችሁ ይሄን የምታነቡ መምህራን ደግሞ ከእጃችሁ ያለውን አትናቁት። ጉራጌ ሶዶ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ጥያ አለለት፣ 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ ምልክቶቹ አብዛኞቹ እስካሁን አልተፈቱም፤ ሊቃውንቱም እየገመቱ ያሉበትን ነገር ልጅ መገመት ሲፈቀድለት ፊቱ ይለወጣል። ሐረር ያለ ልጅ የጀጎልን አምስት በሮች በእግሩ መዞር ይችላል፣ ድሬዳዋ ያለ ደግሞ ከተማዋን የወለዳት የባቡር ጣቢያ አለው። ኮንሶ ያለ ልጅ ትውልድ ሲተላለፍ የሚተከለውን ግንድ እየቆጠረ ሰፈሩ ስንት ትውልድ እንዳየ ያውቃል፣ ይሄ ዕድል ያለው ልጅ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

ቪዲዮውን አልቃወምም። መሄድ ለማይቻልበት ቦታ፣ ለላሊበላ ለምሳሌ፣ ጥሩ ነው፣ አስራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች መፈልፈላቸውን ከቃል ይልቅ ምስል ያስረዳል። ከዛ ሳሙና ስጣቸውና በማንኪያ ቤት ፈልፍሉ በላቸው፣ ምንም ሳይጨምሩ እየቀነሱ ብቻ መስራት ምን ማለት እንደሆነ፣ አንዴ ከተሳሳቱ መመለሻ እንደሌለው እጃቸው ይነግራቸዋል። ግን ቪዲዮ በእግር የሚደረስበትን ቦታ እንዲተካ አታድርገው።

የምጠነቀቅባቸውን ነገሮች ደግሞ በደንብ ስማኝ፣ እዚ ጋ ብዙ ጥፋት አይቻለሁ። አንደኛው ዕድሜ ነው። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሰው አጽም ያለበት ቦታ ነው፣ ለ6ኛ ክፍል አይሆንም፣ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ እሱም ቀድሞ ተነጋግሮ። የየካቲት 12 ምስሎችም ከባድ ናቸው፣ ለ6ኛ ክፍል ይሆናሉ የምልህ ቀድመህ ምን እንደሚያዩ ከነገርካቸው ብቻ ነው፣ ቤተሰቡ ውስጥ በቅርብ ጦርነት ሰው ያጣ ልጅ ካለህ ደግሞ ቀድመህ ወላጁን አናግር።

ሁለተኛ፣ ሐውልትና ድንጋይ ላይ ወረቀት ለጥፎ በከሰል ወይም በእርሳስ እየፈተጉ ቅርጹን ማንሳት የሚባል ነገር አለ፣ ልጆቹ ይወዱታል፣ አታድርገው። የጥንት ድንጋይ በዚህ ሁሉ ልጅ እጅ ሲፈተግ ይበላል። መውጣት፣ መቀመጥ፣ ስም መጫር ሳልነግርህም ታውቀዋለህ። መንገዱም ያሳስበኛል፣ የስድስት ኪሎ ሐውልት ያለው መኪና በሚዞርበት አደባባይ መሀል ነው፣ በትንንሽ ቡድን ብቻ ተሻገሩ፣ የትራፊክ ፖሊስ እንዲያግዛችሁ ቀድመህ ጠይቅ። የዩኒቨርሲቲው ግቢና ሙዚየሙም በደብዳቤ ቀድሞ ማወቅ አለበት፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ቀኑን ሙሉ ተናድዶ ነው የሚውለው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የባህል ቀን ተብሎ ልጆች ከቤት አሮጌ ዕቃ እንዲያመጡ ይደረጋል። ጀበናና ሰፌድ ይምጣ፣ ችግር የለውም። ብራና፣ የድሮ መስቀል፣ ጥንታዊ ጎራዴ፣ ሜዳልያ ግን በፍጹም እንዳይመጣ፣ ፎቶውና የባለቤቱ ታሪክ ይበቃል። ሲጠፋ አይቻለሁ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የአያት ዕቃ ጠፍቶ ቤተሰብ ከቤተሰብ የተጣላበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ እገሌ ቤት፣ እገሌ ቤተክርስቲያን፣ እገሌ መስጊድ አለ ብሎ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ መልቀቅም ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው፣ ልጆቹ ይሄን በግልጽ ይነገራቸው። መሬት ሲቆፈር ድንገት ያረጀ ነገር የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለሚመለከተው አካል ማሳወቅን ግዴታ ያደርገዋል፣ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም በኩል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው፣ አንስቶ ትምህርት ቤት ማምጣት አይደለም።

ሌላ የሚከብደው ነገር፣ ሐውልት ሁሉ ሁሉም ቤት ውስጥ አንድ አይነት ስሜት አይፈጥርም። የምኒልክ ሐውልት ራሱ ብዙ አይቷል፣ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ሰሞን ተመረቀ፣ ጣልያኖች ነቅለው ቀበሩት፣ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ፤ ዛሬም አንዱ ልጅ ቤት የዓድዋ ድል ነው፣ ሌላው ልጅ ቤት ሌላ ትዝታ አለ። ክፍል ውስጥ ይሄ ከተነሳ አታፍነው፣ አንዱን ወገን ይዘህም አትከራከር። የምታስተምረው ሦስት ጥያቄ ነው፣ ማን አቆመው፣ መቼ አቆመው፣ ያኔ ምን ሊል ፈልጎ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ትግላችን ሐውልት ላይም፣ አራት ኪሎ ሚያዝያ 27 ላይም፣ የትኛውም ላይ እኩል ጠይቅ። ልጅ መምህሩ ለሁሉም አንድ ሚዛን እንደሚጠቀም ካየ የክፍል ጓደኛውን ቤት ትዝታም ይሰማል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ስራ በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ ብሔራዊ ሙዚየም ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ሲመለስ ስንቱ ሰው እንደተጨነቀ እናስታውሳለን፣ ሰው ስለ ሐውልት ለምን ይሄን ያህል ይጨነቃል የሚለው በራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል።

አንድ ጉብኝት ሀገር ወዳድ ያደርጋቸዋል ብለህ ግን አትጠብቅ፣ እንደዛ ብለህ ለርእሰ መምህሩም ቃል አትግባ። ከአንድ ጉብኝት የሚገኘው አንድን ነገር በደንብ ማየትና ስለሱ መጠየቅ ነው፣ ፍቅሩ የሚመጣ ከሆነ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ሪፖርት የሚባለውንም ተወው፣ ሪፖርት ስላልክ ነው የገለበጡት። ኢንተርኔት ላይ የማይገኝ ነገር ጠይቃቸው፣ የሳልከው ሰው ማን ይመስልሃል፣ ደረጃው ስንት ሆነ፣ መልስ ያላገኘህለት ጥያቄ ምንድነው? ማርክ የምሰጠው እኔ ለመጨረሻዋ ነው።

ስለዚ ዘንድሮ እንዲህ አድርግ። አምስቱን ቦታ ሰርዝ፣ አንድ ብቻ ያዝ፣ ለትምህርት ቤታችሁ በእግር የሚቀርበውን። መዋጮም አያስፈልግህም፣ ደብዳቤና የወላጅ ፈቃድ ይበቃል። 94ቱን በሦስት ከፍለህ በሦስት የተለያየ ቀን ውሰዳቸው፣ በአንድ ጊዜ ከሠላሳ ምናምን ልጅ በላይ አይሁን። መጀመሪያው መንፈቅ ላይ የሰፈር ስምና የአያቶች ጥያቄ ይስሩ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ቦታው ይሂዱ፣ ከወር በኋላ እዛው ቦታ ድጋሚ ይሂዱ። ሁለተኛው ጉዞ ብዙ ሰው ብክነት ይመስለዋል፣ እኔ ግን አንዱን መተው ግዴታ ከሆነብህ የመጀመሪያውን ተው እልሃለሁ፣ ምክንያቱም በሁለተኛው ጊዜ የ6ኛ ክፍሎቹ የ4ኛ ክፍል ልጆችን ይዘው ነው የሚሄዱት። አስጎብኚዎቹ እነሱ ናቸው። አንድ ትልቅ ልጅ ለሦስት ትንንሽ ልጆች፣ አንድ ነገር ብቻ መርጦ ያስረዳል፣ ትንንሾቹ የሚጠይቁትን አይቀሬ ጥያቄ ለመመለስ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያነበውን አንተ አዘህ አታስነብበውም።

ሐውልቱ የምኒልክ ነው ብላ የጻፈችውንም ልጅ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ሆናም ቢሆን ጥራት። ምን አይታ እንደዛ እንዳለች ጠይቃት፣ ሳትስቅ። ከዛ የመጀመሪያው የ4ኛ ክፍል ቡድን አስጎብኚ እሷ ትሁን።